የማውንት ቨርነንን መኖሪያ ቤት አስተውሎ ለመጎብኘት

በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ከፖቶማክ ወንዝ በላይ ባለው ከፍታ ላይ የቆመውን የጆርጅ ዋሽንግተንን መኖሪያ ቤት፣ ማውንት ቨርነንን፣ የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልቡ የሚሳበው በባለቤቱ ዝና ነው። ሕንፃውን ማወቅ የሚሻ ግን ቤቱ በአንድ ጊዜ ታቅዶ እንዳልተሠራ አስቀድሞ ሊገነዘብ ይገባል። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1734 አባቱ ኦገስቲን ያሠራው ቤት መጠነኛ ነበር፤ ልጁ በ1758 ጣሪያውን አስነስቶ ወደ ላይ አሳደገው፤ ከ1774 ጀምሮ ደግሞ በሰሜንና በደቡብ በኩል አስቀጠለበት።

ጉብኝቱን እንግዶች ይገቡበት ከነበረው ከምዕራቡ ፊት ይጀምሩ። ወደ በሩ ሳይቀርቡ ራቅ ብለው ይቁሙና በግራና በቀኝ ያሉትን መስኮቶች ያነጻጽሩ፤ አቀማመጣቸው እኩል አለመሆኑን ያስተውላሉ። በዘመኑ የእንግሊዝ የግንባታ ፈሊጥ የሁለቱ ጎኖች መመሳሰል ዋነኛ ደንብ ስለነበር፣ በነባር ቤት ላይ እየተቀጠለ የመጣውን ይህን መዛነፍ መሸፈን ያስፈልግ ነበር፤ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ግንባርና ከጣሪያው ላይ የወጣው ጉልላት ዓይንን ወደ መሐል ይስባሉ። ጉልላቱ በሙቀት ወራት ትኩሱን አየር ወደ ላይ የማስወጣት አገልግሎትም አለው።

ቀጥለው ወደ ግድግዳው ይጠጉ። ከሩቅ ጥርብ ድንጋይ የሚመስለው የጥድ ጣውላ ነው፤ ጠርዙ በሰያፍ ተልጎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ ተበትኖበታል። ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ሆነው ቢያዩት የአሸዋው ሻካራነት ይበልጥ ይለያል። ወደ ውስጥ ሲገቡም በመሐለኛው መተላለፊያ የግድግዳው እንጨት ማሆጋኒ የተባለውን ውድ እንጨት እንዲመስል መቀባቱን ልብ ይበሉ። በእኔ አስተያየት፣ የፈረንሳዩ የጦር መኮንን ላፋዬት በ1790 ከላከው፣ በፓሪስ የነበረው የባስቲል እስር ቤት ቁልፍ ይልቅ ስለ ባለቤቱ ምኞት ይበልጥ የሚናገሩት እነዚህ ማስመሰያዎች ናቸው፤ ጎብኚው ግን ሁልጊዜ የሚሰበሰበው ቁልፉ ዘንድ ነው።

በሰሜኑ ጫፍ ያለውን ሰፊ አዳራሽ ሲያዩ ቁመቱ ሁለት ፎቅ እንደሚያህል፣ መሐሉ ቅስት የሆነው ባለ ሦስት ክፍል መስኮትም በጊዜው ከነበሩ የሕንፃ ንድፍ መጻሕፍት እንደተቀዳ ያስታውሱ። ከዚያ በምሥራቅ በኩል ይውጡ። በ8 አራት ማዕዘን ዓምዶች የተደገፈው፣ 29 ሜትር ገደማ የሚረዝመው በረንዳ ከወንዙ የሚነሳውን ነፋስ ለመቀበል የተመቸ ነው።

ጉብኝቱን እዚያ ላይ ማቆም ግን ግማሹን ታሪክ መተው ነው። በ1799 በርስቱ ላይ 317 በባርነት የተያዙ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ የቤቱ ግንባታና የዕለት ተዕለት ኑሮው በእነርሱ ጉልበት ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ ከቤቱ ጋር በጎበጠ ባለ ዓምድ መተላለፊያ የተያያዘውን ማድቤት፣ ቀጥሎም ከአትክልት ማቆያው ጎን ያለውን የባሪያዎች መኖሪያ ይመልከቱ።

በየደረሱበት የትኛው ክፍል ነባር፣ የትኛው በኋላ የተሠራ እንደሆነ አስጎብኚውን ይጠይቁ። ቤቱን አንድ የሴቶች ማኅበር በ1858 በ200,000 ዶላር ለመግዛት ሲዋዋል እጅግ ተጎድቶ ነበር፤ በኋላም ብዙ ጥገና ተደርጎለታል። የአትክልት ማቆያው ከነመኖሪያዎቹ በ1835 በእሳት ወድሞ፣ ዛሬ የሚታየው በ1951 እንደገና የተሠራው ነው።