ለሲሲኤንኤ ፈተና የሚያበቃ የላብ ልምምድ

ራውተሮች መንገዶችን በሚለዋወጡበት በኦኤስፒኤፍ ፕሮቶኮል እንዴት ጎረቤት እንደሚሆኑ በቃሉ አጣርቶ የሚያስረዳ ተፈታኝ፣ ሁለት ራውተሮች ፊቱ ቀርበው ጎረቤትነቱ አልመሠረት ሲል የትኛውን ትዕዛዝ አስቀድሞ መጻፍ እንዳለበት ሊጠፋው ይችላል። በንባብና በሥራ መካከል ያለውን ይህን ክፍተት የሚዘጋው የላብ ልምምድ፣ ማለትም ኔትወርክን በራስ እጅ ሠርቶ መለማመድ ነው፤ ነገር ግን ላብ የተባለ ሁሉ አይዘጋውም። በቪዲዮ ወይም በወረቀት የተሰጠን መመሪያ እየተከተሉ ትዕዛዞችን መገልበጥ የሚያስለምደው መጻፍን ብቻ ነው፤ ማሰቡን መመሪያውን ያዘጋጀው ሰው አስቀድሞ ጨርሶታል። ለፈተናውም ሆነ ከፈተናው በኋላ ለሚመጣው ሥራ የሚያበቃው ልምምድ ውጤቱን አስቀድሞ መገመትን፣ ከባዶ መሥራትን፣ የሠሩትንም ሆን ብሎ አበላሽቶ መጠገንን ይጠይቃል።

ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ የሲስኮን የኔትወርክ ሰርተፊኬት ሲሲኤንኤን፣ ማለትም 200-301 የተባለውን ፈተና መነሻ ያደርጋል። በጁኒፐር ወይም በኮምፕቲያ በኩል የሚፈተን ሰውም ትዕዛዞቹን በራሱ ፈተና እየተካ ሊጠቀምበት ይችላል።

ምን መለማመድ እንዳለብዎ ይለዩ

ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመጫንዎ በፊት ሲስኮ በድረ ገጹ ያወጣውን የፈተናውን የርዕሶች ዝርዝር ያውርዱና ከእያንዳንዱ ርዕስ ፊት ያለውን ግስ ያስተውሉ። አንዳንዱ ርዕስ «ግለጽ» ወይም «አነጻጽር» ይላል፤ ለዚህ ንባብ ይበቃል። ሌላው «አዋቅርና አረጋግጥ» ይላል፤ ይህ ሳይሠሩት የሚታለፍ አይደለም። ቪላን (አንዱን ስዊች ወደ ተለያዩ ኔትወርኮች መክፈል)፣ ትራንክ (ብዙ ቪላኖች የሚያልፉበት መስመር)፣ በኤልኤሲፒ የሚሠራ ኢተርቻነል (ብዙ ኬብሎችን እንደ አንድ መስመር ማጣመር)፣ የአይፒቪ4 እና የአይፒቪ6 ስታቲክ ራውት (በእጅ የተጻፈ መንገድ)፣ በአንድ ኤሪያ የተወሰነ ኦኤስፒኤፍ፣ የኤንኤቲ አድራሻ ትርጉም (የውስጥ አድራሻን በውጭ አድራሻ መተካት)፣ የዲኤችሲፒ ሪሌይ (የአድራሻ ጥያቄን ወደ ሌላ ኔትወርክ ሰርቨር ማስተላለፍ)፣ ኤስኤስኤች (በርቀት ወደ መሣሪያ በተመሠጠረ መንገድ መግባት)፣ አክሰስ ሊስት (ምን ይለፍ ምን ይከልከል የሚል ዝርዝር) እና ፖርት ሴኩሪቲ (በአንድ ፖርት የሚሰካውን መሣሪያ መገደብ) ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። በአንጻሩ ኤፍኤችአርፒ (መውጫው ራውተር ሲበላሽ ሌላው የሚተካበት ዘዴ) ዓላማው እንዲገለጽ ብቻ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ሙሉ ሳምንት በእሱ ላይ የሚያጠፋ ተማሪ ጊዜውን ከሚያስፈልገው ቦታ ላይ እየወሰደ ነው።

ክብደቱንም ይመልከቱ። ከፈተናው 25 በመቶ የሚሆነው የአይፒ ግንኙነት፣ በተለይም ራውቲንግ ነው፤ የኔትወርክ መሠረቶችና የኔትወርክ አክሰስ እያንዳንዳቸው 20 በመቶ፣ ደኅንነት 15 በመቶ፣ የአይፒ አገልግሎቶችና አውቶሜሽን ደግሞ እያንዳንዳቸው 10 በመቶ እየያዙ ይከተላሉ። እንደ እኔ አስተያየት ከላብ ጊዜዎ አብዛኛው በስዊቺንግና በራውቲንግ ላይ መዋል አለበት፤ ምክንያቱም አክሰስ ሊስቱም ሆነ የአድራሻ ትርጉሙ የሚሠራው ከሥሩ ያለው መንገድ ሲሠራ ብቻ ነው።

የሚሠሩበትን መሣሪያ ይምረጡ

ለጀማሪ የመጀመሪያው ምርጫ ፓኬት ትሬሰር ነው። በሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ድረ ገጽ ተመዝግበው ያለ ክፍያ ያወርዱታል፤ ተራ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ሲሙሌሽን በተባለው ሁነታው ደግሞ አንድ ፓኬት ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ሲያልፍ ደረጃ በደረጃ እያቆሙ ሊያዩት ይችላሉ። የአይፒ አድራሻ ያለውን መሣሪያ የማክ አድራሻ የሚጠይቀው ኤአርፒ ከፒንግ በፊት ለምን እንደሚሄድ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። የዋየርለስ መቆጣጠሪያ መሣሪያም ስላለው በፈተናው ዝርዝር ውስጥ ያለውን የዋየርለስ ኔትወርክ አሠራር በዚሁ መለማመድ ይቻላል። ሊታወቅ የሚገባው ድክመቱ፣ ፓኬት ትሬሰር የመሣሪያውን ባሕርይ የሚያስመስል ሲሙሌተር እንጂ እውነተኛውን አይኦኤስ (የሲስኮ መሣሪያዎችን ሲስተም) የሚያስኬድ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ በትክክል የጻፉትን ትዕዛዝ የማይቀበልበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ዕውቀትዎን ከመጠራጠርዎ በፊት ትዕዛዙ በሶፍትዌሩ ውስጥ መኖሩን በጥያቄ ምልክት ያረጋግጡ።

መሠረቱን ከያዙ በኋላ እውነተኛውን ሲስተም ወደሚያስኬድ ኢሙሌተር ይሻገሩ። የሲስኮ ሞዴሊንግ ላብስ ነጻ እትም እስከ 5 መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ያስኬዳል፤ ለሲሲኤንኤ ርዕሶች አብዛኞቹ ይህ በቂ ነው፤ የሲስተሙ ፋይሎችም በሕጋዊ መንገድ አብረው ይመጣሉ። ጂኤንኤስ3 እና ኢቪኢ-ኤንጂም ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ሆኖም የሲስኮ ሲስተም ፋይሎችን ይዘው ስለማይመጡ ፋይሎቹን የመጠቀም ፈቃድ ሊኖርዎ ይገባል። በእነዚህ ሁሉ ሥራው የሚከናወነው በቨርቹዋል ማሽን ስለሆነ በኮምፒውተርዎ ባዮስ ውስጥ የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፉ መከፈቱን አስቀድመው ይመልከቱ፤ ጭነቱን አጠናቀው መሣሪያዎቹ አልነሳ ሲሉ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

እውነተኛ ራውተርና ስዊች መግዛት ለዚህ ፈተና ግዴታ አይደለም። ይሁን እንጂ ያገለገለ ካታሊስት 2960 ስዊች ወይም 1941 ራውተር በእጅዎ ከገባ፣ ሶፍትዌር የማያስተምረውን ያስተምርዎታል። የኮንሶል ኬብል ሰክተው ተርሚናሉን በ9600 ፍጥነት፣ በ8 ዳታ ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ በ1 ስቶፕ ቢት ማስተካከልን ይለምዳሉ። ኮምፒውተር የተሰካበት የስዊች ፖርት መብራት በብርቱካናማ ቀለም ለ30 ሰከንድ ያህል ቆይቶ አረንጓዴ ሲሆን ያያሉ፤ ያ ጊዜ በስዊቾች መካከል መልእክት እንዳይዞር የሚከላከለው ስፓኒንግ ትሪ በማዳመጥና በመማር ደረጃዎች ላይ 15፣ 15 ሰከንድ የሚያሳልፈው ነው፤ ይህን መዘግየት የሚያስቀረውን ፖርትፋስትን አብርተው ያንኑ ሲደግሙ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። የተረሳ የይለፍ ቃልን ለማለፍ የራውተሩን ሬጅስተር (አነሳሱን የሚወስነውን ቅንብር) ወደ 0x2142 መለወጥ፣ ሲጨርሱም ወደ 0x2102 መመለስ ይማራሉ፤ መመለሱን የረሳ ሰው ራውተሩ በተነሳ ቁጥር የተቀመጠውን ኮንፊግሬሽን እየዘለለ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

ትንሽ ኔትወርክ ሠርተው ደጋግመው ያፍርሱ

ሁለት ራውተር፣ ሁለት ስዊችና አራት ኮምፒውተር ያለበት አንድ ኔትወርክ ለረጅም ጊዜ ይበቃዎታል። አሥራ አምስት መሣሪያ የተደረደረበት ሥዕል ያምራል፤ ነገር ግን ችግር ሲፈጠር ለጀማሪ መንስኤውን መለየት ያዳግታል። ስፓኒንግ ትሪን ለመለማመድ ሲደርሱ ብቻ ሦስተኛ ስዊች ጨምረው በሦስት ማዕዘን ያገናኟቸው፤ ምንም ሳይነኩ ከሦስቱ የትኛው ሩት (የስፓኒንግ ትሪው ማዕከል የሆነ ስዊች) እንደሚሆን ከማክ አድራሻቸው ተነስተው ይገምቱ፤ ቀጥሎም የመረጡትን ስዊች ፕራዮሪቲ ከ32768 ዝቅ አድርገው ሩትነቱን ይስጡት።

የአድራሻ ዕቅዱን በወረቀት ላይ በእጅዎ ይሥሩ። ለምሳሌ 192.168.50.0/24ን ወስደው 50 ኮምፒውተር ላለው ክፍል፣ 25 ኮምፒውተር ላለው ክፍልና በሁለቱ ራውተሮች መካከል ላለው መስመር ያከፋፍሉት። መልሱ 192.168.50.0/26፣ 192.168.50.64/27 እና 192.168.50.96/30 ይሆናል። ሰብኔቲንግን ለብቻው እንደ ሒሳብ ጥያቄ ከመለማመድ በየላቡ መጀመሪያ እንዲህ መሥራቱ ይበልጣል፤ ስሌቱ ከተሳሳተ ኔትወርኩ ራሱ አልሠራም ብሎ ይነግርዎታልና።

ከዚያም ከባዶ መሣሪያ ተነስተው ያዋቅሩ። ትዕዛዙ ቢጠፋዎት ወደ ማስታወሻ ከመሮጥዎ በፊት የጥያቄ ምልክቱን ይጠቀሙ። እያንዳንዱን የማረጋገጫ ትዕዛዝ ከማስገባትዎ በፊት ምን እንደሚያሳይ በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ «ሾው አይፒ ራውት» ስንት መንገድ ያሳያል፣ ከእነሱስ ውስጥ በኦኤስፒኤፍ የመጣው የትኛው ነው፣ ቀጣዩ አድራሻስ ማን ነው? ግምትዎና ስክሪኑ ሳይገጥሙ ሲቀሩ እዚያው ቆመው ምክንያቱን ይፈልጉ። በዚያን ቀን ከሚማሩት ሁሉ ጠቃሚው ያ ልዩነት ነው። ሲጨርሱ ኮንፊግሬሽኑን ያጥፉ፤ ስዊች ላይ ከሆነ ቪላኖቹ የሚቀመጡበት ፋይል ለብቻው ስለሆነ እሱንም መሰረዝ ያስፈልጋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ያንኑ ላብ ማስታወሻ ሳያዩ ይድገሙት።

ሆን ብለው ያበላሹ

አጥብቄ የምመክረው ክፍል ይህ ነው፤ አብዛኛው ተማሪም የሚዘልለው ይህንኑ ነው። የሚሠራ ኔትወርክ ስለ አሠራሩ ብዙም አይናገርም፤ ሲበላሽ ግን እያንዳንዱ ምልክት ወደ አንድ ምክንያት ይጠቁማል።

በሁለቱ ራውተሮች መካከል ባለው መስመር ይጀምሩ። አንደኛው 192.168.50.97/30፣ ሁለተኛው 192.168.50.98 ሆኖ ማስኩ (የሰብኔቱን መጠን የሚያሳየው ቁጥር) በስሕተት /29 ይሁን። ሁለቱም አድራሻዎች በሁለቱም ማስኮች ውስጥ ስለሚወድቁ ፒንግ ያለ ችግር ያልፋል፤ ኦኤስፒኤፍ ግን ጎረቤት አይሆንም፤ በኢተርኔት ላይ ራውተሮቹ የሚተዋወቁበት የሄሎ መልእክት ማስኩን ይዞ ስለሚሄድና ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ስለሚጥለው ነው። «ፒንግ ስላደረገ መስመሩ ደህና ነው» የሚለው ፈጣን ድምዳሜ ምን ያህል እንደሚያሳስት ይህ አንድ ላብ ያሳያል። በመቀጠል ማስኩን አስተካክለው የአንዱን ራውተር የሄሎ ጊዜ ከ10 ሰከንድ ወደ ሌላ ይለውጡ፤ ጎረቤትነቱ ወዲያው ሳይሆን የሙት ጊዜው (ሄሎ ሳይሰማ ጎረቤቱ እንደጠፋ የሚቆጠርበት) ሲያልቅ ይጠፋል። ቀጥሎ ኤምቲዩውን (በመስመሩ የሚያልፈውን የፓኬት ትልቁን መጠን) በአንዱ ወገን ብቻ ይቀንሱና ጎረቤትነቱን እንደገና ያስጀምሩ፤ አሁን ራውተሮቹ ይተያያሉ፤ ነገር ግን ኤክስስታርት ወይም ኤክስቼንጅ በተባለው ደረጃ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ብልሽቶች «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔይበር» ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ በሦስተኛው ጎረቤቱን ያሳያል፤ ይህን ልዩነት በዓይኑ ያየ ሰው በፈተና ላይ መልሱን ለማግኘት ብዙ አይቸገርም።

ወደ መመለሻ መንገድ ይለፉ። ኦኤስፒኤፍን አጥፍተው መንገዶቹን በስታቲክ ራውት ከሠሩ በኋላ፣ ከሁለተኛው ራውተር ላይ በመጀመሪያው ራውተር በኩል ወዳለው የኮምፒውተሮች ሰብኔት የሚወስደውን ያጥፉ። ከመጀመሪያው ራውተር በሩቅ ወዳለው ኮምፒውተር ፒንግ ሲያደርጉ ይሳካል፤ ከመጀመሪያው ራውተር ጋር ከተያያዘው ኮምፒውተር ሲያደርጉ ግን አይሳካም። ራውተሩ የላከው በሁለቱ ራውተሮች መካከል ያለውን አድራሻ መነሻ አድርጎ ስለሆነ መልሱ መመለሻ አለው፤ የኮምፒውተሩ አድራሻ ግን ከዚያ ወዲህ መንገድ የለውም። መነሻ አድራሻውን በመምረጥ ከራውተሩ ላይ ፒንግ ማድረግን የሚለምዱት እዚህ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልጥቀስ። የኢተርቻነልን ሁለት ወገኖች «ፓሲቭ» አድርገው መጀመሪያ የሚናገር እንደማይኖር ይመልከቱ። በትራንኩ ሁለት ጫፍ ኔቲቭ ቪላኑን (ያለ መለያ የሚያልፈውን) ያለያዩና የሲስኮ መሣሪያዎች የሚተዋወቁበት ሲዲፒ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ ያንብቡ። በኤንኤቲ ላይ አንድ አድራሻ ብቻ ያለውን ፑል (የአድራሻዎች ክምችት) ይዘው፣ ብዙ ኮምፒውተሮች አድራሻውን እንዲጋሩ የሚያደርገውን «ኦቨርሎድ» የሚለውን ቃል ይተዉት፤ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ይወጣል፣ ሁለተኛው ይቀራል። ድርን ብቻ የሚፈቅድ አክሰስ ሊስት በራውተሮቹ መካከል ባለው ኢንተርፌስ ላይ ወደ ውስጥ በሚገባው አቅጣጫ ያስቀምጡ፤ በመጨረሻው ላይ ያለው የማይታየው ክልከላ ኦኤስፒኤፍንም ጨምሮ እንደሚቆርጠው ያያሉ።

ራስዎ ያበላሹትን መጠገን ከጊዜ በኋላ ይቀልላል፤ ምክንያቱን አስቀድመው ያውቁታልና። ስለዚህ ከተቻለ የሚያጠና ጓደኛ ይፈልጉና ፋይሎቻችሁን ተለዋወጡ፤ እያንዳንዳችሁ በሌላው ኔትወርክ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ስሕተት ደብቁ። ብቻዎን ከሆኑም የተበላሹትን ፋይሎች በቁጥር ብቻ ሰይመው አስቀምጠው ከሳምንታት በኋላ ይክፈቷቸው። ለእያንዳንዱ ብልሽት የታየውን ምልክት፣ መንስኤውንና መንስኤውን የገለጠውን ትዕዛዝ በአንድ መስመር ይመዝግቡ፤ ለክለሳ ከዚህ መዝገብ የሚበልጥ ጽሑፍ አያገኙም። በድብቅ የሚሸጡ የፈተና ጥያቄዎችን ግን አይንኩ፤ የሰርተፊኬት መሰረዝን ሊያስከትሉ ከመቻላቸውም በላይ የሚያስገኙት ወረቀት በሥራ ቦታ የመጀመሪያው ብልሽት ሲገጥም አያድንም።

ወደ ፈተናው ሲቃረቡ

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልምምዱን በሰዓት ይገድቡ። ፈተናው 120 ደቂቃ ነው፤ አንድን ጥያቄ ካለፉት ተመልሰው ሊያዩት አይችሉም፤ የላብ ጥያቄዎች ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ጊዜ ይወስዳሉ። ስለዚህ ትራንክ፣ ኤስኤስኤች፣ ስታቲክ ራውትና ኦኤስፒኤፍ እያንዳንዳቸው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሳይታሰቡ ከጣትዎ እስኪወጡ ድረስ ይደጋግሟቸው። ለኤስኤስኤች የመሣሪያው ስምና የዶሜይን ስሙ ከቁልፉ በፊት መቀመጥ እንዳለባቸው ዓይነት የቅደም ተከተል ነገሮች በዚህ ድግግሞሽ ይጸናሉ።

በፈተናው ላይ የላብ ጥያቄ ሲከፈት የተጠየቁትን ሁሉ እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ከዚያ በፊት ምንም አይጻፉ። የተከለከለ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ስታቲክ ራውት መጠቀም አይቻልም ከተባለ፣ ያንን ይያዙ። የሥራውን መነሻ በ«ሾው» ትዕዛዞች ይመልከቱ፤ በትክክል የተሠራውን አይንኩ። እያንዳንዱን ሥራ እንደጨረሱ ያረጋግጡ፤ ኮንፊግሬሽኑ እንዲቀመጥ ከተጠየቀም ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ከመሄድዎ በፊት በየመሣሪያው ላይ ያስቀምጡት።