ጤፍ መሬት ላይ ቤት ከማቆማችሁ በፊት፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ጥቅምት ምንጃር አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ልጅ ሆኜ ጤፍ ሲታጨድበት የማውቀው ማሳ አሁን ግማሹ ቆርቆሮ ቤት ሆኗል። አንጀቴን በላው። ቤት አይሠራ አልልም፤ ልጅ ያድጋል፣ ያገባል፣ ጎጆ ይወጣል። ግን የት እንደምንሠራ ላይ ብዙ እየተሳሳትን ነው።

ትልቁ ስህተት «ሜዳ ነው፣ ለቤት ይመቻል» ማለት ነው። ሜዳው አብዛኛውን ጊዜ ዋልካ ነው፤ ጤፍና ሽምብራ የሚወደው ጥቁር አፈር። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለውን ቤትም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። የአጎቴ ትልቁ ልጅ እዚያው ማሳው ላይ ብሎኬት ቤት ሠርቷል። ከመስኮቱ ጥግ እስከ መሠረቱ የወረደ ስንጥቅ አለ፣ ጣቴን አስገብቼ አይቼዋለሁ። በየዓመቱ በሲሚንቶ ይደፍነዋል፣ በየዓመቱ ይከፈታል። መፍትሔው ዋልካውን ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ቆፍሮ ማውጣትና በሌላ አፈር መሙላት ነው፣ እሱ ደግሞ ለብቻው የቤት ዋጋ ሊያስወጣ ይችላል። አያቶቻችን ጉብታውና ጭንጫው ላይ ቤት የሠሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ለእርሻ የማይረባው መሬት ለቤት ጥሩ ነው።

ሁለተኛው፣ በመንደር ውል መሬት መግዛት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የገበሬው የይዞታ ደብተር ለመጠቀም፣ ለማውረስና ለማከራየት እንጂ ለመሸጥ አይሆንም። ስለዚህ ሰዉ ሽያጩን «ብድር» ወይም «ኪራይ» ብሎ ይጽፈዋል፣ ሦስት ምስክር ያስፈርማል፣ ያለቀ ይመስለዋል። ፍርድ ቤት ሲደርስ ውሉ ይፈርሳል። አሜሪካና ዱባይ ሆናችሁ ለዘመድ ብር የምትልኩ፣ እባካችሁ ይህን አስቡ። ያ ያለ ፈቃድ የተሠራ ጨረቃ ቤት አንድ ቀን በዶዘር ቢፈርስ ብራችሁም ይቀልጣል፣ መሬቱም ፍርስራሽና ሲሚንቶ ተሸክሞ ይቀራል እንጂ በማግስቱ ጤፍ አይዘራበትም።

ገበሬውስ ለምን ይሸጣል? «ከተማው መድረሱ አይቀርም፣ ያኔ በትንሽ ካሳ ከምነሳ አሁን ልሽጠው» ብሎ ፈርቶ ነው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ ሰው ተነስቶ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ነገር ግን መብቱን ሳያውቅ መቸኮሉ ይጎዳዋል። በ1997 የወጣው የካሳ አዋጅ ለዘለቄታው ለሚነሳ ገበሬ የአማካይ ዓመታዊ ገቢውን 10 እጥፍ ነበር የሚሰጠው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት የተሻለውን ዓመት ገቢ ይዞ በ15 ያባዛል። አጎቴ ይህን ከእኔ ነው የሰማው። ማንም መጥቶ አልነገረውም።

ፕላን የሚያወጡትም ስህተት አለባቸው። መስመሩ ቢሮ ውስጥ ይሰመራል፣ ገበሬው የሚሰማው ችካል ሲተከል ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ማስተር ፕላን ስንት ሕይወት ካለፈ በኋላ ጥር 2008 መሰረዙን ማን ይረሳል? ከተማ ከመለጠጡ በፊት ለም አፈሩ የት እንዳለ በካርታ ይለይና እሱ ይከለል። መሀል ከተማ በቆርቆሮ ታጥሮ ለዓመታት ሣር የሚበቅልበት ቦታም መጀመሪያ ይሠራበት።

አንድ ሂሳብ ልንገራችሁ። 200 ካሬ የሆኑ 50 የቤት ቦታዎች፣ መንገዱን ሳንቆጥር፣ አንድ ሄክታር ይበላሉ። ጥሩ ጤፍ መሬት ከሆነ ከ15 ኩንታል በላይ በየዓመቱ ቀረ ማለት ነው። ደጋው ላይ የብዙ ገበሬ ጠቅላላ መሬት አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም።

ቤቶችን በየማሳው መበታተንም መጥፎ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ መንገድ፣ የራሱ አጥር፣ የራሱ ባሕር ዛፍ ይፈልጋል፣ በመሀል የቀረችው ቁራሽ በሬ እንኳ አታዞርም። የክረምቱ ጎርፍም መውረጃው ተዘግቶበት የጎረቤት ማሳ ላይ ይተኛል።

የአጎቴ ታናሽ ልጅ ዘንድሮ ጎጆ ሊወጣ ነው። ቤቱን የሚያቆምበትን ቦታ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ከአያታችን ቤት ጀርባ ያለው ጭንጫ ነው፣ ማሳው ቁልቁል ይታያል። ድንጋዩን ለመሠረት እየለቀመ ጥግ ላይ ከምሮታል።