የቡና ከረጢት ላይ የተጻፈውን ቃል እንዴት ማጣራት እንደሚቻል

አሜሪካ ሱፐርማርኬት ውስጥ «ይርጋጨፌ» የሚል የታሸገ ቡና ሳይ ልቤ ደስ ይለዋል። ከረጢቱ «ከገበሬው በቀጥታ» ይላል፣ ዋጋውም ከጎረቤቱ ከፍ ያለ ነው። ያ ጭማሪ የት እንደሚደርስ የማጣራው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ከረጢቱን ገልብጡት። የገበሬ ፎቶ፣ ቅጠልና አረንጓዴ ቀለም ማስረጃ አይደሉም። የምትፈልጉት አጣሪ ድርጅት የሰጠው የምስክርነት ማህተም ነው።

ማህተም ካገኛችሁ የማን እንደሆነ ለዩ፣ ሁሉም አንድ ነገር አይናገሩምና። ፌርትሬድ ኢንተርናሽናል የዋጋ ወለል፣ ማለትም ከዚያ በታች የማይገዛበት ዝቅተኛ ዋጋ፣ አለው። ከ2023 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ ለታጠበ አረቢካ በፓውንድ 1.80 ዶላር ነው፣ በዚያ ላይ ለገበሬዎቹ ማኅበር 20 ሳንቲም ይጨመራል። ሬይንፎረስት አሊያንስ ስለ ደንና ስለ ሠራተኛ አያያዝ ይመረምራል፣ የዋጋ ወለል ግን የለውም። ኦርጋኒክ የሚለው ስለ ኬሚካል እንጂ ስለ ገበሬው ኪስ አያወራም። ስታርባክስ ደግሞ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የራሱ ደንብ አለው፤ የሚያጣሩት የውጭ ድርጅቶች ቢሆኑም ደንቡ የገዢው ነው። በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የሸማቾች ሊግ ቡናውን «በሥነ ምግባር» እንደሚገዛ በማስተዋወቁ ከሶታል። እኔ ገዢው ራሱ ላወጣው ደንብ ብዬ ተጨማሪ ዋጋ አልከፍልም።

ማህተም የለውም ማለት ግን መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ምስክር ወረቀት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ብዙ ገበሬ አይችለውም።

ቀጥሎ ለሻጩ ኢሜይል ጻፉ። እኔ የተሳሳትኩት ይህን ዘልዬ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ፈገግ ያሉበት ከረጢት አይቼ አመንኩ፣ ለማኅበራችን ሰዎች ሁሉ ግዙ እያልኩ ዞርኩ። አንዲት የይርጋጨፌ ልጅ ጓደኛዬ «የየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ድርጅቱን ብጠይቅ ከአስመጪ ነው የገዛነው፣ ጣቢያውን አናውቅም አሉኝ። ፎቶውም ከኢንተርኔት የተገዛ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ያስገዛሁት እኔ በመሆኔ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ «ሥነ ምግባር ትጠብቃላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ ሁሌም አዎ ነው። የጣቢያውን ወይም የማኅበሩን ስም ጠይቁ። «ኢትዮጵያ ውስጥ ቡና ተቀላቅሎ ስለሚሸጥ አይታወቅም» ካሏችሁ አትቀበሉ። በምርት ገበያው በኩል ሲያልፍ ምንጩ ይጠፋ እንደነበር እውነት ነው፣ ግን በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ለውጥ ምንጩን ተከትሎ መሸጥን ፈቅዷል።

አሁን ዋናው፣ ዋጋው። «በፓውንድ ይህን ያህል ዶላር ከፈልን» ሲሏችሁ የት የተከፈለ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የወደብ ዋጋ፣ ማለትም ቡናው መርከብ ላይ ሲጫን ለላኪው የሚከፈለው፣ ነው፤ በመሃል አቅራቢ፣ ጣቢያ፣ መኪና፣ ላኪ አሉ። ገበሬው የሸጠው እሸት ቡና ነው፣ በኪሎ፣ በብር። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ይጠይቃል። ስለዚህ «ገበሬው ለአንድ ኪሎ እሸት ስንት ብር ተቀበለ?» በሉና በስድስት አባዙት። 50 ብር ካሉ ለአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና 300 ብር ገደማ ነው። ከወደቡ ዋጋ ጋር ስታነጻጽሩ ፓውንዱን ወደ ኪሎ መቀየር እንዳትረሱ፣ በ2.2 ይባዛል። ማኅበር ከሆነ የዓመት መጨረሻ የትርፍ ክፍፍልም ሊኖር ይችላል፣ እሱንም ጠይቁ።

ሁለት ሳምንት ጠብቁ። የጣቢያ ስምና የእሸት ዋጋ የላከላችሁን ሻጭ ግዙ፣ ደስ የሚል ታሪክ ብቻ የላከውን ተዉት። መልሱንም ከነቀኑ አስቀምጡት። ያ መልስ የሚሠራው ለአንድ የምርት ዘመን ብቻ ስለሆነ አዲሱ ቡና ሲገባ እንደገና ጠይቁ።