ፋሻ በካቻቢቴ አይገባም፦ ትንንሽ ሞተር ሲታደስ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መስኖ በተያዘ ቁጥር ከመራዊም ከዳንግላም ተጭኖ የሚመጣው የውሃ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ የሆንዳ ጂኤክስ 160 ወይም የእሱ ቅጂ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 68 ሚሊሜትር። ባለቤቱ «ፋሻው ገና ባለፈው ሳምንት ነው የተቀየረ» ይላል (ፋሻ ማለት ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት ነው)። ጭሱ ግን ሰማያዊ ነው፣ ዘይቱም ይጎድላል። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሲነሳ አዲሱ ፋሻ ለሁለት ተሰብሮ፣ ሲሊንደሩ ከላይ እስከ ታች ተጭሮ ይገኛል። ወዲያው ዕቃ ሻጩ ይረገማል። ፋሻው ግን የተሰበረው ሲገባ ነው።

ዋናው ጥፋት ካቻቢቴ ነው። ፒስተኑን ሲሊንደሩ አፍ ላይ ያስቀምጡና ፋሻውን ዙሪያውን በካቻቢቴ ጫፍ እየጫኑ ከላይ በመዶሻ ይመታሉ። አብዛኛው ፋሻ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው፤ ጊዛ ደግሞ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። በቀኝ ስትጫኑት በግራ ይወጣል፤ የወጣው ጠርዝ የሲሊንደሩን አፍ ይነክሳል፤ የመዶሻው ምት በፋሻዎቹ መካከል ያለውን ስስ አሉሚኒየም ይገምሰዋል። የተገመሰ ፒስተን አይጠገንም። ካቻቢቴው የጫረው ሲሊንደርም ሬቲፊካ ገብቶ (በማሽን ተፍቆ ሰፍቶ) ከፍ ያለ መጠን ፒስተን ይጠይቃል። አንዲት ፋሻ መጭመቂያ (ፋሻዎቹን ፒስተኑ ላይ አጥብቆ የሚይዝ መጠቅለያ) ላለመግዛት ይህ ሁሉ ወጪ!

መግዣው ከሌለ መጭመቂያውን ከዘይት ቆርቆሮ ሥሩት። የ68 ሚሊሜትር ሲሊንደር ዙሪያው 213 ሚሊሜትር ግድም ነው፤ ስለዚህ ወርዱ 4 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 205 ሚሊሜትር የሆነ ለስላሳ ቁራጭ ይበቃል። ጫፎቹ ከተደራረቡ እኩል አያጠብቅም። ጠርዙን ሞርዱት፣ ፒስተኑ ላይ ጠቅልላችሁ በትልቅ የቱቦ ማሰሪያ እሰሩት። የየትኛውም ፋሻ አፍ (በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት) ቆርቆሮው በተከፈተበት በኩል እንዳይውል። ማሰሪያውን ያለ ቆርቆሮ በቀጥታ ፋሻው ላይ ማሰር ግን ከካቻቢቴው ብዙም አይሻልም።

ከመጨመቁ በፊት ፒስተኑም፣ ፋሻውም፣ ሲሊንደሩም ዘይት ይቀቡ። ክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ወደ ታች አውርዱት፤ ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) ሲወርድ የክራንኩን ክብ እንዳይጭር በአንድ እጅ ምሩት። መጭመቂያውን እስኪይዝ አጥብቁትና ፒስተኑ እንዲንሸራተት በጣም ትንሽ አላሉት። የመጭመቂያው የታች ጠርዝ የሲሊንደሩን አፍ ዙሪያውን እኩል መንካት አለበት፤ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያደረጋችሁ ወደ ታች አስቀምጡት። ከዚያ በዚያው እንጨት ፒስተኑን ግፉ። አልገባ ብሎ ከቆመ አንዱ ፋሻ በመጭመቂያውና በሲሊንደሩ መካከል ወጥቷል ማለት ነው። አትምቱ። አውጡና እንደገና ጀምሩ፤ አራት ጊዜ ቢሆንም። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው መጀመሪያ የሚገባው የታችኛው የዘይት ፋሻ ስስ ጠፍር ነው፤ እሱ ሳይሰበር ተጣሞ ስለሚገባ የሚታወቀው ሞተሩ ዘይት ሲበላ ብቻ ነው።

ፋሻ መክፈቻ (ፋሻውን ከፍቶ ፒስተኑ ላይ የሚያስገባ መሣሪያ) ያላችሁም ነገሩ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። ፋሻው ፒስተኑን ለማለፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይከፈት፤ ከዚያ ያለፈ ይደክማል ወይም ይሰነጠቃል። መክፈቻ የሌለው ደግሞ ፋሻውን እንደ ቁልፍ ማንጠልጠያ ቀለበት እያዞረ ያስገባዋል፤ እንዲህ የገባ ፋሻ ይጣመማል፣ ቦዩ (ፒስተኑ ላይ ያለው የፋሻው መቀመጫ) ውስጥም ተዘርግቶ አይተኛም። በሁለት አውራ ጣት አፉን ከፍቶ ቀጥታ ማውረድ ይሻላል፤ መጀመሪያ የዘይቱ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ በመጨረሻ የላይኛው። ሦስት ክፍል ያለው የዘይት ፋሻ ሌላ ነው፤ መክፈቻም አይፈልግም። በሁለቱ ጠፍሮች መካከል የሚሆነው ጥብጣብ ይቀድማል፤ ጫፎቹ ይነካካሉ እንጂ አይደራረቡም። ሁለቱ ስስ ጠፍሮች ግን በጣት እየተዞሩ መግባታቸው ትክክል ነው።

ሌላው ስህተት ፊለር ጌጅ (ቀጭን ክፍተት መለኪያ) ሳይዙ ፋሻ መቀየር ነው። አዲሱን ፋሻ ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ክተቱ፣ በተገለበጠ ፒስተን ወደ 2 ሳንቲሜትር ገፍታችሁ አስተካክሉት፣ የአፉን ክፍተት ለኩ። ለጂኤክስ 160 የላይኛውና የሁለተኛው ክፍተት ከ0.20 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ነው። የጥገና መጽሐፍ ለሌለው ሞተር የሲሊንደሩን ስፋት በ0.004 አባዙት፤ 68 ሲሆን 0.27 ይመጣል። ክፍተቱ ከጠበበ ሞተሩ ሲሞቅ ጫፎቹ ይገናኙና ሲሊንደሩን ይበላል። ሞረዱን በሞርሳ አስራችሁ የፋሻውን አንድ ጫፍ ብቻ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ሞርዱ፤ በተቃራኒው ከሆነ የፋሻው የክሮም ሽፋን ይላጣል። ከሰፋ ግን ፋሻውን አትውቀሱ፤ ሲሊንደሩ በ0.1 ሚሊሜትር በሰፋ ቁጥር የፋሻው አፍ በ0.3 ገደማ ይከፈታል። አዲስ ፋሻ ያለቀ ሲሊንደር አያድንም።

ቦዩን በተሰበረ አሮጌ ፋሻ መጥረግ ይቻላል፤ ካርቦኑን እንጂ አሉሚኒየሙን አትፋቁ።

የፋሻው ፊደል የተጻፈበት ገጽ ወደ ላይ ይሁን። ሁለተኛው ፋሻ ከተገለበጠ ዘይትን ወደ ታች በመጥረግ ፋንታ ወደ ላይ ይሰዳል።

የፋሻዎቹ አፎች በአንድ መስመር እንዳይውሉ፣ 120 ዲግሪ እየተራራቁ ይቀመጡ።

ሲሊንደሩን በድንጋይ ከፈተጉ በኋላ በቤንዚን ማጠብም ስህተት ነው። ቤንዚን ዘይቱን ያነሳል፤ የድንጋዩ ብናኝ ግን ጭረቱ ውስጥ ይቀራል፣ አዲሱንም ፋሻ ይበላዋል። በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ፈትጋችሁ እጠቡ፤ ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ ሲያብሱበት ሳይጠቁር እስኪወጣ።

እንደ ቦክሰር ባሉ ሞተር ሳይክሎች ሥራው ይገለበጣል፤ ሲሊንደሩ ነው በፒስተኑ ላይ የሚወርደው። ፒስተኑን ከሥሩ በሁለት እንጨት ደግፉት፣ የሞተሩን የታችኛውን አፍ በጨርቅ ድፈኑት (የስፒኖቶው፣ ማለትም ፒስተኑን ከቢየላው የሚያያይዘው ፒን፣ ማሰሪያ ሽቦ ወደ ውስጥ ከወደቀ ቀኑ አለቀ)። የሲሊንደሩ የታች አፍ ጠርዙ ያዘነበለ ስለሆነ ፋሻውን በጣት እየጫናችሁ አንድ በአንድ ማስገባት ይቻላል።

የጂኤክስ 160 ቢየላ አሉሚኒየም ነው፤ ቡሎኑ 12 ኒውተን ሜትር ብቻ ይጠበቅ። ከዚያ ቴስታታው ሳይገጠም ክራንኩን በእጅ አዙሩት፤ አንድ ቦታ ላይ ከያዘ ቁሙ።

የመጨረሻው ደጋ ላይ ላሉት ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የኮምፕሬሽን ጌጁም (የሲሊንደሩን ግፊት የሚለካው) በዚያው ልክ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ባሕር ዳርም ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነች እዚያም ንባቡ በመጽሐፉ ላይ ካለው ያንሳል። ቁጥሩ ስለወረደ ብቻ ደህና የገባ ፋሻ አውጥቶ ሌላ መግዛት ኪሳራ ነው። በገመድ የሚነሳው ጂኤክስ 160 ደግሞ ሲነሳ ግፊቱን ራሱ የሚያላላበት ነገር ካሙ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ላይ ስላለው ንባቡ ይበልጥ ያታልላል። ስለዚህ በዚያው ከተማ ካለ ጤነኛ ተመሳሳይ ሞተር ጋር አወዳድሩ። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፣ ንቅንቅ ካላለ ወደ ቫልቩ ሂዱ።