ባክአፕ አለ፣ ሰርቨሩ ግን አይነሳም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባክአፑ (የመጠባበቂያ ቅጂው) በየሌሊቱ ይወሰዳል፤ ጠዋት የሚመጣው ሪፖርትም «ተሳክቷል» ይላል። ይህ የሚያረጋግጠው ፋይሉ ተጽፎ ማለቁን ብቻ ነው። ከዚያ ፋይል ሰርቨሩ መነሳቱን፣ ዳታቤዙ መከፈቱን፣ ሠራተኛው ገብቶ ደረሰኝ መቁረጡን ገና ማንም አላየም። ቨርቹዋል ማሽንም (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሰርቨር) ሆነ ፊዚካል ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁባቸው ስህተቶች የሚከተሉት ናቸው።

የስህተት መልእክት አለመምጣቱን እንደ ጤና መቁጠር

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ የደረሰውን እንይ፤ ዝርዝሩን ኩባንያው ራሱ ይፋ አድርጎታል። አንድ ባለሙያ የተጠባባቂውን ሰርቨር መረጃ የሚያጠፋ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ማህደር አጠፋ። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ሲሆን ቅጂ የሚወስደው ፕሮግራም ግን የ9.2 ስለነበር ሥራው በየጊዜው ይከሽፍ ነበር። መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ተገቢው ፊርማ ስላልነበረው ተቀባዩ ሰርቨር አልቀበልም ይለው ነበር። ያዳናቸው ከአደጋው 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በእጅ የተወሰደ ስናፕሾት (የዲስኩን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ የሚይዝ ቅጂ) ነው፤ እሱንም መልሶ መገልበጥ ብቻ 18 ሰዓት ያህል ፈጀ።

ስለዚህ ማንቂያው የሚደወለው «ተሳክቷል» የሚለው መልእክት በሰዓቱ ሲቀር ይሁን። የፋይሉን መጠን ደግሞ ከትናንቱ ጋር ያወዳድሩ። ትናንት 40 ጊጋባይት የነበረ የዳታቤዝ ቅጂ ዛሬ 3 ሜጋባይት ከሆነ፣ ሪፖርቱ የፈለገውን ቢል አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ቼክሰም አይቶ ማቆም

እንደ ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር ያሉ ሲስተሞች የተቀመጠውን መረጃ ቼክሰም (ይዘቱ አለመለወጡን የሚያሳይ ቁጥር) እያሰሉ ይፈትሻሉ። ዲስክ ላይ የተበላሸ ነገር ካለ በዚህ ይታወቃል፤ ይደረግ። ነገር ግን ቅጂው በተወሰደበት ቅጽበት ዳታቤዙ ግማሽ መንገድ ላይ ከነበረ፣ ቼክሰሙ ያንኑ ግማሽ ነገር «ትክክል» ብሎ ያልፈዋል። ዊንዶውስ ላይ ይህን የሚጠብቀው ቪኤስኤስ የተባለው የሲስተሙ አገልግሎት ነው፤ ከመቅዳቱ በፊት ዳታቤዙን ያዘጋጀዋል። ሊኑክስ ላይ በማሽኑ ውስጥ የሚጫነው ኤጀንት (ረዳት ፕሮግራም) ፋይል ሲስተሙን ለአፍታ ቢያቆምም ዳታቤዙን ግን አያውቀውም፤ የራስዎን ስክሪፕት መጨመር አለብዎ።

እውነተኛው ፍተሻ እስከ ተጠቃሚው ድረስ ይዘልቃል። ማሽኑን ከባክአፕ ያስነሱ፣ ሰርቪሶቹ መጀመራቸውን ይመልከቱ፣ እንደ ተራ ሠራተኛ በይለፍ ቃል ይግቡ፣ የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥርና ሰዓት አውጥተው ባክአፑ ተወሰደ ከተባለበት ሰዓት ጋር ያመሳክሩ። ልዩነቱ ምን ያህል ሥራ እንደሚጠፋብዎ ይነግርዎታል። በየሳምንቱ አንድ ማሽን እየቀያየሩ ቢፈትሹ፣ 12 ማሽን ያለው ቢሮ በ3 ወር አንድ ዙር ይጨርሳል። ቪም የተባለው የባክአፕ ሶፍትዌር ያላቸው ሰዎች ሹርባክአፕ የሚባለውን ክፍሉን ተጠቅመው የማስነሳቱን ክፍል በራሱ እንዲሄድ ማድረግ ይችላሉ፤ ገብቶ መመልከቱ ግን የሰው ሥራ ሆኖ ይቀራል።

በዋናው ኔትወርክ ላይ መፈተሽ

ይህ ስህተት ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ከባክአፕ የተነሳው ማሽን ራሱን ዋናው ሰርቨር ነው ብሎ ያምናል። የአይፒ አድራሻው ያው ስለሆነ ከሚሠራው ጋር ይጋጫል፤ ወረፋ ላይ የነበሩ ኢሜይሎችንና ኤስኤምኤሶችን ለደንበኞች እንደገና ይልካል፤ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የተቀጠረውን የክፍያ ሥራም ሊያስኬድ ይችላል። ከመነሻው ከየትኛውም የኔትወርክ ካርድ ጋር ያልተያያዘ ቨርቹዋል ስዊች ይፍጠሩ፤ ከቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃዎቹ ሃይፐር-ቪ ላይ «ፕራይቬት» የሚባለው ይህ ነው፣ ቪኤምዌር ላይ አፕሊንክ (ወደ ውጭው ኔትወርክ የሚያገናኝ መስመር) የሌለው ስዊች በቂ ነው። ማሽኑን ሳያስነሱ በፊት የኔትወርክ ካርዱ እዚያ ላይ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ። አፕሊኬሽኑ ዶሜይን ኮንትሮለር (የዶሜይኑን ማለትም የቢሮውን ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች የጋራ መዝገብ ይዞ ይለፍ ቃል የሚያረጋግጠው ሰርቨር) የሚፈልግ ከሆነ የእሱንም ቅጂ እዚያው ውስጥ አብረው ያስነሱ።

ፊዚካሉን ሰርቨር እንደ ቨርቹዋሉ ማየት

ቨርቹዋል ማሽን ከአንዱ ሆስት (ማሽኖቹን ከሚያስኬደው ኮምፒውተር) ወደ ሌላው ሲሄድ የሚያየው ሃርድዌር ያው ነው። ፊዚካሉ እንዲህ አይደለም። ምስሉ (የዲስኩ ሙሉ ቅጂ) በሌላ ሰርቨር ላይ ሲመለስ ዊንዶውስ የዲስክ መቆጣጠሪያው ድራይቨር ከሌለው ሰማያዊ ስክሪን ላይ ይቆማል። ሊኑክስ ላይም ቡት ሲደረግ (ማሽኑ ሲነሳ) የሚጫነው ኢኒትራምኤፍኤስ ለአሮጌው ማሽን ብቻ ተጠቦ የተሠራ ከሆነ ዲስኩን አያገኘውም። ቢነሳ እንኳ የኔትወርክ ካርዱ ስም ስለሚቀየር አይፒ ሳይዝ ይቀመጣል። ከሁለቱ የማስነሻ ዘዴዎች አሮጌው ሰርቨር በባዮስ፣ አዲሱ በዩኢኤፍአይ ብቻ የሚነሳ ከሆነም ምስሉ ከነጭራሹ አይጀምርም። በመጠን ትንሽ እንኳ የሚያንስ ዲስክ ላይ መመለስ እምቢ የሚሉ ፕሮግራሞችም ብዙ ናቸው።

ለእያንዳንዱ ፊዚካል ሰርቨር አንድ ገጽ ይኑር፦ የቡት ዓይነት፣ የሬይድ (ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ የሚያሠራ ዘዴ) ደረጃና የዲስኮች ቅደም ተከተል፣ የመቆጣጠሪያ ካርዱ ሞዴል፣ የዲስክ ክፍልፋዮች መጠን፣ ከሃርድዌሩ ጋር የታሰረ ላይሰንስ ወይም ዩኤስቢ ቁልፍ ካለ እሱ። ማስነሻ ፍላሹንም በትርፍ ማሽን ላይ አስነስተው ዲስኩንና ኔትወርኩን ማየቱን ያረጋግጡ። ቆየት ላለ ሰርቨር ተመሳሳይ የሬይድ ካርድ አዲስ አበባ ውስጥ ቶሎ ማግኘት ስለሚቸግር፣ የመጀመሪያው ዕቅድ ፊዚካሉን ወደ ቨርቹዋል ማሽን መመለስ ቢሆን እመርጣለሁ። ለዚህ ግን ሆስቱ ላይ ትርፍ ራምና ዲስክ ከአሁኑ መያዝ አለበት።

ሰዓቱን አለማስላት

በ1 ጊጋቢት ኔትወርክ በተግባር የሚገኘው በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ነው። 4 ቴራባይት ለመመለስ 10 ሰዓት ይፈጃል። መሃል ላይ አንድ አሮጌ 100 ሜጋቢት ስዊች ካለ ደግሞ ከ4 ቀን ያልፋል። ባክአፑ ክላውድ ላይ ብቻ ከሆነ ስሌቱን በኢንተርኔት መስመርዎ ፍጥነት ይሥሩትና ውጤቱን ለኃላፊዎች አሁን ያሳዩ፤ በአደጋው ቀን «2 ሰዓት ይበቃል» የሚል ግምት ይዘው እንዳይጠብቁ።

ስናፕሾትንና መመሳሰልን ባክአፕ ማለት

ስናፕሾት ከዋናው ዲስክ ጋር አንድ ማስቀመጫ ላይ ይኖራል፤ ማስቀመጫው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ቪኤምዌር ራሱ ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። መመሳሰልም (አንዱ ሰርቨር ላይ የተደረገ ለውጥ ወደ ሌላው በራሱ መገልበጡ) ጥፋቱን ያባዛል። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር የመርከብ ድርጅቱን ሜርስክን ሲመታ፣ እርስ በርስ የሚመሳሰሉት ዶሜይን ኮንትሮለሮች አንድ ላይ ጠፉ። የተረፈው ጋና የነበረው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም መብራት ጠፍቶበት ከኔትወርክ ውጪ ስለነበር። የባክአፕ ሰርቨሩን ከዶሜይኑ ያውጡት፣ የራሱ ይለፍ ቃል ይኑረው፣ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ለተወሰነ ቀን ማንም ሊያጠፋው የማይችል ይሁን። በቦታም ይራቅ፦ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ኦቪኤች የተባለው የሰርቨር አከራይ ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል፣ ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል።

ዕቅዱን የሚወድቀው ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ

የባክአፑ ምስጠራ ይለፍ ቃል፣ የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ ምስጠራ) ቁልፎች፣ የዶሜይን ኮንትሮለሩ ጥገና ይለፍ ቃል እና የስልክ ቁጥሮች ታትመው በታሸገ ፖስታ ከቢሮው ውጪ ይቀመጡ። የማስነሻ ቅደም ተከተሉም ይጻፍ፦ ማስቀመጫው፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩና ዲኤንኤሱ (የሰርቨር ስሞችን ወደ አድራሻ የሚቀይረው)፣ ዳታቤዙ፣ ከዚያ አፕሊኬሽኑ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሆስቶቹ ከማስቀመጫው ቀድመው ይነሱና ማሽኖቻቸውን አያገኙም፤ በራስ ሰር ማስነሻው ላይ ጥቂት ደቂቃ መዘግየት ይጨምሩ። የሰዓት ልዩነቱ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ዶሜይኑ በነባሪ ቅንብሩ መግባት ስለሚከለክል፣ የሆስቶቹን ሰዓት መጀመሪያ ያስተካክሉ።

ልምምዱን ባክአፑን ያቋቋመው ሰው ሳይሆን ሌላ ባልደረባ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ይሥራው፤ የተጠራጠረበት መስመር ሁሉ እዚያው ይታረም። ሲያበቃም የተመለሰውን ማሽን ከነዲስኩ ያጥፉት፤ በውስጡ ያለው የደንበኞች እውነተኛ መረጃ ነው።