ለሲስተም ኮል በሚሰጥ ስትራክት ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሲ ቋንቋ የሚማሩ ወጣቶች የሚጽፉትን ኮድ ስመለከት አንድ ነገር ያሳስበኛል። ስትራክት የተለያዩ መረጃዎችን አንድ ላይ የሚይዝ መዋቅር ነው፤ ሲስተም ኮል ደግሞ ፕሮግራም ከከርነሉ፣ ማለትም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ አገልግሎት የሚጠይቅበት ጥሪ ነው። ወጣቶቹ የስትራክቱን አባላት በጥንቃቄ ይሞላሉ፤ በአባላቱ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ግን ልብ አይሉትም።

የመጀመሪያው ስህተት የስትራክት መጠን የአባላቱ ድምር ነው ብሎ ማሰብ ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ ዋጋ የሚመዘግብ ፕሮግራም እንውሰድ፤ የእንስሳው ዓይነት በቻር (1 ባይት)፣ ዋጋው በኢንት (4 ባይት) ይያዛል። ድምሩ 5 ባይት ነው። በተለመደው ባለ 64 ቢት ኮምፒውተር ላይ መጠኑን በሳይዝኦፍ ስንጠይቅ ግን መልሱ 8 ነው። ኢንት ለ4 በሚካፈል አድራሻ ላይ እንዲጀምር ኮምፓይለሩ ከቻሩ ቀጥሎ 3 ባይት ፓዲንግ (መሙያ ክፍተት) ያስገባል። ስትራክቱ ስታክ (ፈንክሽኖች በየተራ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ላይ ከተቀመጠ በእነዚያ 3 ባይቶች ውስጥ የሚገኘው ቀደም ሲል የተጠራ ፈንክሽን ትቶት የሄደው ነገር ነው፤ የይለፍ ቃል ቁራጭም ሊሆን ይችላል። መዝገቡን ራይት በተባለው ሲስተም ኮል ወደ ፋይል ስንልከው ያም አብሮ ይወጣል። ከርነሉ የተሰጠውን 8 ባይት እንዳለ ይጽፋል እንጂ የትኛው ክፍተት እንደሆነ አይለይም።

ሁለተኛው «አባላቱን ሁሉ ሞልቻለሁ» ብሎ መተማመን ነው። አባላቱን መሙላት ክፍተቱን አያጸዳም። ስትራክቱን በቅንፍ ውስጥ በተጻፈ ዜሮ ማስጀመርም ብዙዎች እንደሚያስቡት አስተማማኝ አይደለም፤ የሲ ስታንዳርድ ለፓዲንጉ ግልጽ ዋስትና የሰጠው በሲ23 ነው፣ እሱም በባዶ ቅንፍ ለሚጀመረው። አስቀድሞ ባይቶቹን ሁሉ በአንድ ዋጋ በሚሞላው በሜምሴት ማጽዳት ይሻላል። ሆኖም አባላት ሲሞሉ ፓዲንጉ እንዳለ ይቆያል ብሎ ስታንዳርዱ አያስገድድም። እኔ የምመክረው ለክፍተቱ ስም መስጠትን ነው፦ ከቻሩ በኋላ 3 ባይት የሚይዝ «ሪዘርቭድ» የሚባል አባል ጨምሩና ዜሮ አድርጉት። ያን ጊዜ ለኮምፓይለሩ የሚተው ክፍተት አይኖርም።

ስትራክቱን ፓክድ ማለት (ኮምፓይለሩ ፓዲንግ እንዳያስገባ ማዘዝ) መድኃኒት የሚመስላቸውም አሉ። ነገር ግን ከርነሉ የሚጠብቀው የአባላት አቀማመጥ ይፋለሳል፤ በአንዳንድ ፕሮሰሰሮች ላይም ያልተስተካከለ አድራሻ ፕሮግራሙን ያቋርጣል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ያልተሞላ ማህደረ ትውስታ መጠቀምን የሚጠቁመውን የቫልግሪንድ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ «ፓዲንግ ብቻ ነው» ብሎ ማፈን ነው። ፓዲንግ ብቻ ቢሆንም ችግር ያመጣል፦ ሁለት ስትራክቶችን ባይት በባይት በሚመለከተው በሜምሲኤምፒ የሚያወዳድር ሰው አባላቱ አንድ ሆነው ሳለ «ይለያያሉ» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ መረጃን በቁልፍ የሚያስቀምጠው የቢፒኤፍ ሀሽ ማፕም ቁልፉን የሚፈልገው ፓዲንጉን ጨምሮ በሙሉ ባይቶቹ ስለሆነ፣ ያስቀመጡትን መዝገብ መልሶ ማግኘት ሊያቅት ይችላል።