ቦረቦርን ከላይ ወደ ታች ማከም የሚቻለው እንዴት ነው?

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ቦረቦር፣ ማለትም ጎርፍ እየሸረሸረ የቆፈረው ጥልቅ ገደል፣ የእርሻና የግጦሽ መሬት ይበላል፣ መንገድ ይቆርጣል፣ በዙሪያው ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ አንጠፍጥፎ ምንጭ ያደርቃል። በየክረምቱ ወደ ላይም ወደ ጎንም ስለሚያድግ አንድ ባለ መሬት በራሱ ጉልበት ሊያቆመው የሚችለው ገና ትንሽ ሳለ ነው። በብዙ ቦታ የተለመደው አሠራር ድንጋይ ሰብስቦ በቦረቦሩ ውስጥ ጎርፉን የሚገታ ክትር መደርደር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ክትሩ ፈርሶ ድንጋዩ ወንዝ ውስጥ ይገኛል። ቦረቦሩን የሚያሳድገው ውሃ ከላይና ከጎን የሚመጣ በመሆኑ፣ ይህ ጽሑፍ ሥራውን ከውሃው መነሻ ጀምሮ ወደ ቦረቦሩ ወለል በሚወርድ ቅደም ተከተል ያስረዳል።

የአሠራሩ መሠረት በአገር ውስጥ የተካሄደ ምርምር ነው። የግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ እና በኢሉባቦር ዲዚ ጣቢያዎችን አቋቁሞ ዝናቡን፣ ጎርፉንና ታጥቦ የሚሄደውን አፈር ለዓመታት ለክቷል። ከኢትዮጵያ የሰብል መሬት በየዓመቱ ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚለው በሰፊው የሚጠቀስ ግምትም የዚሁ ምርምር ውጤት ነው። በቦረቦር ላይ ብቻ ያተኮሩ ጥናቶች የበረከቱት ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ በተለይ የባሕር ዳርና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር የሠሯቸው ሥራዎች ለገበሬውና ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከደረሰው በላይ ሊደርሱ ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

1. በክረምት መመልከት፣ በበጋ መለካት

የመጀመሪያው ሥራ አካፋም ዶማም አይጠይቅም። በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከባድ ዝናብ እንዳባራ ከቦረቦሩ አናት ተነስተው ጎርፉ የመጣበትን አቅጣጫ ወደ ላይ ይከተሉ። ውሃው የሚሰበሰበው ከመንገድ ዳር ቦይ፣ ከከብት መውረጃ፣ በማሳ ላይ ከተቀደደ ፈሰስ ወይም ከተራቆተ ተዳፋት መሆኑን በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ጎርፉ በቦረቦሩ ግድግዳ ላይ የተወው ጭራሮና ገለባ የደረሰበትን ከፍታም ምልክት ያድርጉበት፤ በኋላ የክትሩን ማስተንፈሻ፣ ማለትም ጎርፉ በክትሩ ላይ የሚያልፍበትን ዝቅ ያለ ቦታ፣ ለመወሰን ይጠቅማል። ከቦረቦሩ አናት ጠርዝ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ ችካል መትከልና ከጠርዙ እስከ ችካሉ ያለውን ርቀት መዝግቦ መያዝም የዚሁ ወቅት ሥራ ነው።

በበጋ ደግሞ የቦረቦሩ ርዝመት፣ ስፋት፣ ጥልቀትና የወለሉ ተዳፋት ይለካል። ተዳፋቱን ለመለካት 10 ሜትር ገመድ፣ በቁመት እኩል የሆኑ በሳንቲ ሜትር የተከፋፈሉ ሁለት ዘንጎችና በገመዱ መካከል የሚንጠለጠል ውሃ ልክ ይበቃሉ። ገመዱን አግድም ለማስተካከል በላይኛው ዘንግ ላይ ያለው ጫፍ ከታችኛው 1 ሜትር ዝቅ ማለት ካስፈለገው ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው።

2. አፈሩን ማወቅ

ብዙ ግንባታ የሚከሽፈው ይህ ደረጃ ስለሚታለፍ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ሰፊውን ቦታ የሸፈነው ዐለት ባዛልት ሲሆን፣ ባዛልቱ ተሰባብሮ የሚፈጥረው አፈር እንደ መሬቱ አቀማመጥ ይለያያል፤ ውሃ በደንብ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ቀይ አፈር፣ ውሃ በሚተኛበት ሜዳና ረባዳ ላይ ደግሞ ጥቁር ዋልካ ይበዛል። የጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት በ1፡250,000 መስፈርት የሚያዘጋጃቸው ካርታዎች ስለ ዐለቱ ጥቅል መረጃ ይሰጣሉ፤ ለአንድ ቦረቦር የሚበቃ ዝርዝር ግን የላቸውምና ግድግዳውን ራሱን ማንበብ ይገባል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚታይበት፣ በክረምት እግር ላይ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ዋልካ ነው።

ዋልካ በደረቀ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በስንጥቁ ገብተው ከውስጥ ዋሻ መሳይ መሿለኪያ ይቦረቡራሉ፤ ከዚያም ላይኛው አፈር ይደረመሳል። በትግራይ የተካሄደ ጥናት 400 ያህል የድንጋይ ክትሮችን ተከታትሎ ከሁለት ዓመት በኋላ 39 በመቶዎቹ መፍረሳቸውን አሳይቷል። ክትር በብዛት የሚፈርሰው ብዙ ውሃ በሚሰበሰብበት፣ ተዳፋቱ በሚበረታበት ቦታና በዋልካ አፈር ላይ ነበር። ዋልካው ከድንጋዩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲሰነጠቅ ውሃው በክትሩ ላይ ማለፉን ትቶ በጎኑ ይሰርጋል።

ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ በአዴት መንገድ በሚገኘው በደብረ ማዊ ተፋሰስ የተደረገው ምርምር ደግሞ ሌላ ምክንያት አውጥቷል። በረባዳው ስፍራ በክረምት አጋማሽ የከርሰ ምድር ውሃው ከቦረቦሩ ወለል በላይ ከፍ ይላል፤ ግድግዳው በውሃ ይጠግባል፤ ጎርፍ ባይነካው እንኳ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ምንጭ የሚያነባ እርጥበት ካለ በቦረቦሩ ዳርና ዳር ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ ወይም ትሬንች የሚባለውን ረዘም ያለ የማስረጊያ ቦይ መቆፈር አይገባም፤ ውሃውን ወደ ግድግዳው ይጨምረዋልና። ትሬንች ጥሩ ሥራ ነው፤ ቦታው ግን አፈሩ ውሃ የሚቀበልበት የላይኛው ተዳፋት ነው።

3. ውሃውን ከላይ መቀነስ

ከቦረቦሩ በላይ ባለው ማሳ ላይ እርከን፣ በተራቆተው ኮረብታ ላይ ደግሞ ከከብት የተከለለ ቦታ እንዲኖር ከባለ መሬቶቹ ጋር መስማማት ያስፈልጋል። በአንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራው፣ አፈሩን ከቦዩ ወደ ላይ በመወርወር የሚገነባው ፋንያ ጁ የተባለ እርከን ዛሬ ማሳውን ወደ ደረጃ መሬት ለውጦታል። ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ እርከኑ ትርፍ ውሃን በዝግታ እንዲያወጣ ትንሽ ዘንበል ይደረጋል፤ ዝናብ በሚያጥርበት አካባቢ ደግሞ ውሃ እንዲይዝ ፍጹም አግድም ይሠራል።

እርከን ብቻውን ካልበቃ ከቦረቦሩ አናት በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የተቀለበሰው ጎርፍ የሚያርፍበት ሣር የለበሰ ወይም ዐለታማ መውረጃ ሳይዘጋጅ ቦይ መክፈት በጎረቤት መሬት ላይ አዲስ ቦረቦር መክፈት ነው። መውረጃው አንድ ክረምት ቀድሞ ሣር ሊያበቅል ይገባል።

4. አናቱን ማረጋጋት

ቦረቦር ወደ ላይ የሚጓዘው በአናቱ ነው። ውሃው ከጠርዙ ወደ ታች ሲወድቅ ሥሩን ይቦረቡራል፣ ከላይ ያለው አፈር ድጋፍ አጥቶ ይወድቃል፣ ጠርዙም ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ በበጋ ቀጥ ያለው አናት ተቆርጦ ወደ 45 ዲግሪ ወይም ከዚያ ላላ ያለ ተዳፋት እንዲኖረው ይደረጋል፤ የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ተቀምጦ መጨረሻ ላይ ይመለሳል። ከዚያም ውሃ በሚወርድበት መስመር ላይ የተለያየ መጠን ያለው ድንጋይ እርስ በርሱ ተያይዞ ይነጠፋል፤ በክፍተቶቹና በጎኖቹ ላይ ሣር ይተከላል። በጎጃም በብር ወንዝ ተፋሰስ በዚህ መንገድ የታከሙ አናቶች መጓዛቸውን ማቆማቸው በጥናት ታይቷል። ጥልቀቱ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ አናት ከሆነ ግን የወረዳው የግብርና ባለሙያ ሳያየው መቆፈር ለሠራተኞቹ ሕይወት አደገኛ ነው።

5. በወለሉ ላይ ክትር መሥራት

ከላይ ያለው ሥራ ሲያልቅ ወደ ወለሉ ይወረዳል። በክትሮች መካከል የሚኖረው ርቀት የክትሩ ቁመት በ1.2 ተባዝቶ ለወለሉ ተዳፋት ሲካፈል ይገኛል። ቁመቱ 1 ሜትር፣ ተዳፋቱ 10 በመቶ ወይም 0.10 ከሆነ ርቀቱ 12 ሜትር፣ ተዳፋቱ 20 በመቶ ከሆነ 6 ሜትር ነው። በቁመት መብለጥ ጥንካሬ አይደለምና ልቅ ድንጋይ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ሳያልፍ በርከት አድርጎ መሥራት ይሻላል።

ለእያንዳንዱ ክትር ወለሉ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ይቆፈርና ትልልቆቹ ድንጋዮች መሠረት ይሆናሉ። በሁለቱም ጎን ግድግዳው ተቆርጦ ክትሩ ከ70 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ከቀረ ውሃው ጎኑን ዞሮ ያልፋል። የክትሩ መካከል ከጫፎቹ ቢያንስ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ማስተንፈሻ ይኖረዋል፤ በክረምት ምልክት የተደረገበት የጎርፍ ከፍታ ብዙ ውሃ የሚያሳይ ከሆነ ማስተንፈሻው ጠለቅና ሰፋ ማለት አለበት። ውሃው በሚወድቅበት በታችኛው በኩል የክትሩን ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ርዝመት ያለው የድንጋይ ንጣፍ ወለሉ ውስጥ ይቀበራል። እኔ ካየኋቸው የፈረሱ ክትሮች ብዙዎቹ ማስተንፈሻ ወይም ንጣፍ ያልነበራቸው ናቸው፤ ሁለቱን ለማሟላት የሚጨመረው ድካም ትንሽ ነው።

በዋልካ ላይ ድንጋይ ከመደርደር ይልቅ በቅለው ሥር የሚሰዱ እንጨቶችን ችካል አድርጎ በመካከላቸው ቅርንጫፍ በመጎንጎን የሚሠራ ክትር ይመረጣል። አፈሩ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይተጣጠፋል፤ ሥር ሲሰድም ይጠነክራል።

6. ማልበስ

ተከላው ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይከናወናል። በግድግዳውና በክትሮቹ ጎን ደሾ ሣር፣ ቬቲቨር ወይም የዝሆን ሣር፣ ደለል በያዘው ወለል ላይ ደግሞ ሰስባኒያ ወይም በከፍተኛው ደጋ ትሪ ሉሰርን የተባሉት የመኖ ዛፎች ይተከላሉ። ቬቲቨር ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ አፈር በመያዝ ተወዳዳሪ የለውም፤ ሲያረጅ ግን ከብት አይወደውም፣ ብርድ በሚበረታበት ደጋም አይስማማውም። ከጋሞ ጨንቻ የተስፋፋው ደሾ መኖም አፈር መጠበቂያም በመሆኑ መኖ ለቸገረው ቤተሰብ እሱን አስቀድማለሁ። ቬቲቨር በአንድ መስመር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ ካልተተከለ አጥር አይሆንም። ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሣር ስለማያስበቅል ለቦረቦር ግድግዳ አይመከርም።

7. መጠበቅና መከፋፈል

ልቅ ግጦሽ ባለበት የተተከለው ሣር ዓመት አይሞላም። የቦረቦሩ ተጠቃሚዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መተዳደሪያ ደንብ ጽፈው ከብት እንዳይገባ፣ ሣሩ ታጭዶ እንዲወሰድ፣ ማን ምን ያህል እንደሚያጭድ፣ ሲጣስም ምን እንደሚቀጣ ይወስናሉ። ድርሻውን ያላወቀ ሰው አይጠብቅምና ክፍፍሉ ከተከላው በፊት ቢታወቅ ይመረጣል፤ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ቢደራጁበት ደግሞ ጥበቃው ዘላቂ ይሆናል።

8. በየዓመቱ መጠገን

ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ የተንቀሳቀሰ ድንጋይ ወዲያው ይመለሳል፣ በክትሩ ጎን የተከፈተ ቀዳዳም ይደፈናል። በጥቅምት ከአናቱ ጠርዝ እስከ ችካሉ ያለው ርቀት እንደገና ተለክቶ ከቀድሞው ጋር ይነጻጸራል። ርቀቱ ካጠረ ወደ 3ኛው ደረጃ ተመልሶ ያልተቀለበሰውን ውሃ መፈለግ ያስፈልጋል። ክትሩ በደለል ሲሞላ ደግሞ ከበስተኋላው በደለሉ ላይ፣ ማስተንፈሻውን ሳይረሱ፣ ቁመቱ ከ50 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ሌላ የድንጋይ ድርድር ይጨመርበታል፤ ሣሩና ቁጥቋጦው ወለሉን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነ ግን ድንጋይ መጨመር አያስፈልግም።